የአንጀት ግድግዳና ነዋሪዎቹ

«አንጀቴን በላው»፣ «አንጀቴ አረረ»፣ «አንጀት አርስ ልጅ» እንላለን። በአማርኛ አንጀት የሐዘኔታ፣ የቁጭትና የፍቅር ማደሪያ ነው። በጤና ጉዳይ ሲነሳ ግን አብዛኞቻችን የምናስበው ምግብ የሚያልፍበትን ቱቦ ብቻ ነው። ባለፉት ሃያ ዓመታት የወጡ ጥናቶች ይህን አመለካከት ለውጠውታል። አንጀት በአንድ በኩል ሰውነታችን፣ በሌላ በኩል በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ረቂቅ ተህዋስያን የሚገናኙበት ድንበር ነው። የሁለቱ ወገኖች ስምምነት ሲደፈርስ የሚከተለው ጉዳት ከሆድ ሕመም አልፎ እስከ ሕፃናት ዕድገት ድረስ ይዘልቃል።

ድንበሩ ሁለት ተቃራኒ ሥራዎችን በአንድ ጊዜ ይሠራል። የተፈጨውን ምግብ፣ ውሃና ማዕድናትን ወደ ደም ማስገባት አለበት፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ተህዋስያንንና መርዛቸውን ማገድ ይጠበቅበታል። ይህን ሁሉ የሚሠራው ዋናው የሴሎች ሽፋን ውፍረቱ የአንድ ሴል ያህል ብቻ ነው። ስፋቱን በተመለከተ ቀደም ሲል «የቴኒስ ሜዳ ያህላል» ይባል ነበር። በስዊድን የጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ስሌት ግን የምግብ መፍጫው አካል ውስጠኛ ገጽ በአማካይ 32 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ይህም ከቆዳችን ስፋት ጋር ሲነጻጸር አሁንም ብዙ እጥፍ ነው።

ባለ ብዙ ድርብ አጥር

የአንጀት ግድግዳ ሲባል አንድ ነገር ብቻ አይደለም። ምግቡ ከሚያልፍበት በኩል ሲታይ የመጀመሪያው መስመር ዝልግልግ ፈሳሽ ነው። ፈሳሹን የሚያመነጩት ጎብሌት የሚባሉ ሴሎች ሲሆኑ፣ ዋናው ንጥረ ነገሩ ሙሲን የተባለ በስኳር ሰንሰለቶች የተሸፈነ ፕሮቲን ነው። በትልቁ አንጀት ይህ ፈሳሽ ሁለት ድርብ አለው። የላይኛው ላላ ያለ በመሆኑ ባክቴሪያዎች ይኖሩበታል። የታችኛው ደግሞ ከሴሎቹ ጋር የተጣበቀና ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ከባክቴሪያ ነፃ ሊባል ይችላል። ይህን አሠራር በግልጽ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ2008 የዚያው የጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ናቸው። ሙሲኑን መሥራት እንዳይችሉ ተደርገው በቤተ ሙከራ የተራቡ አይጦች፣ ባክቴሪያው በቀጥታ ከሴሎቹ ጋር ስለሚገናኝ ትልቁ አንጀታቸው ያለ ሌላ ምክንያት ይቆጣል።

ሁለተኛው መስመር የሴሎቹ ረድፍ ነው። ሴሎቹ ጎን ለጎን የሚያያዙት ክላውዲንና ኦክሉዲንን በመሳሰሉ ፕሮቲኖች ነው። ይህ መጋጠሚያ እንደ ሲሚንቶ ለዘለቄታው የተደፈነ አይደለም። እንደ ኬላ የሚከፈትና የሚጠብ ሲሆን፣ ውሃና ጥቃቅን ማዕድናት እንደ አስፈላጊነቱ ያልፉበታል። ሴሎቹ ራሳቸው ዕድሜያቸው አጭር ነው። አብዛኞቹ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ረግፈው በአዲስ ይተካሉ። ስለዚህ የዛሬ ሳምንት የነበረን የአንጀት ሽፋን ዛሬ በአብዛኛው የለም።

ሦስተኛው መስመር የመከላከያ ኃይሉ ነው። በትንሹ አንጀት ውስጥ የሚገኙት ፓኔት የተባሉ ሴሎች ባክቴሪያ የሚገድሉ ንጥረ ነገሮችን ይረጫሉ። ከሴሎቹ ረድፍ ሥር የሰፈረው የሰውነት በሽታ የመከላከል ሥርዓት ደግሞ ኢሚዩኖግሎቡሊን ኤ የተባለውን ፀረ እንግዳ አካል በየቀኑ በገፍ ወደ አንጀት ይልካል። ይህ ፀረ እንግዳ አካል በብዛት ረገድ ሰውነታችን ከሚያመርታቸው ሁሉ የሚበልጥ ሲሆን፣ ተህዋስያኑን እየሸፈነ ወደ ግድግዳው እንዳይጠጉ ያደርጋል።

ነዋሪዎቹ እነማን ናቸው?

«በሰውነታችን ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ከራሳችን ሴሎች አሥር እጥፍ ይበልጣሉ» የሚለው አባባል አሁንም በየቦታው ይሰማል። በእስራኤልና በካናዳ ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጡት ስሌት ይህን አርሞታል። እንደ ስሌቱ 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በሰውነቱ የሚይዘው ባክቴሪያ 38 ትሪሊዮን ያህል፣ የራሱ ሴሎች ደግሞ 30 ትሪሊዮን ያህል ናቸው። ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው ማለት ነው። የባክቴሪያዎቹ ጠቅላላ ክብደት 200 ግራም ገደማ ሲሆን፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚኖሩት በትልቁ አንጀት ውስጥ ነው።

እነዚህ የትልቁ አንጀት ነዋሪዎች አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው። አብዛኞቹ ኦክስጅን የማይስማማቸው ናቸው። ይህ ነጥብ ቀላል ቢመስልም ከግድግዳው ጋር ያላቸውን ግንኙነት ለመረዳት ቁልፉ እሱ ነው።

ሰጥቶ መቀበል

ከምንበላው የእህል፣ የጥራጥሬና የአትክልት ምግብ ውስጥ ሰውነታችን መፍጨት የማይችለው ክፍል አሰር ወይም ፋይበር ይባላል። አሰር ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። እዚያ ባክቴሪያዎቹ ያብላሉትና አሴቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቡቲሬት የሚባሉ አጫጭር የስብ አሲዶችን ያመርታሉ። ከእነዚህ ውስጥ ቡቲሬት ለግድግዳው ሴሎች ዋነኛው ማገዶ ነው። የትልቁ አንጀት ሴሎች ከሚያስፈልጋቸው ኃይል 70 በመቶ ያህሉን የሚያገኙት ከዚሁ ነው። ሌሎች የሰውነት ክፍሎች በደም በሚመጣ ስኳርና ስብ ሲተዳደሩ፣ ይህ ግድግዳ ግን ቀለቡን በዋናነት የሚቀበለው ከተህዋስያኑ ነው።

ሴሎቹ ቡቲሬቱን ሲያቃጥሉ ከደም የመጣውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። በዚህም የተነሳ ወደ አንጀቱ ውስጥ የሚያመልጥ ኦክስጅን እጅግ ጥቂት ይሆናል። ኦክስጅን የማይወዱት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች የሚስማማቸውን አካባቢ ያገኛሉ፤ ኦክስጅን ሲያገኙ የሚራቡት እንደ ሳልሞኔላ ያሉት ደግሞ ሜዳው ይጠብባቸዋል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የሚገኙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት የአይጥ ጥናት፣ ቡቲሬት አምራቾቹ በመድኃኒት ሲጠፉ ሴሎቹ ኦክስጅን መጠቀም እንደሚቀንሱና የተረፈው ኦክስጅን ለጎጂዎቹ ባክቴሪያዎች መስፋፊያ እንደሚሆን አሳይተዋል።

ጥቅሙ በዚህ አያበቃም። ቡቲሬት የሴሎቹን መጋጠሚያ ያጠብቃል፤ የመከላከያ ኃይሉ ያለ በቂ ምክንያት እንዳይቆጣ የሚያረጋጉ ሴሎች እንዲበዙም ያግዛል። ነባሮቹ ተህዋስያን ቦታውንና ቀለቡን ቀድመው ስለያዙ ከውጭ የመጣ በሽታ አምጪ በቀላሉ ሥር አይሰድም። ምንም ተህዋስያን በሌሉበት ንጹሕ ክፍል ውስጥ የሚያድጉ የቤተ ሙከራ እንስሳት የዚህን ትብብር ዋጋ ያሳያሉ። የአንጀታቸው የመከላከያ ሥርዓት በሚገባ አይዳብርም፤ የዝልግልጉ ፈሳሽ አሠራርም ከሌሎቹ የተለየ ነው። ግድግዳው ሙሉ ሆኖ የሚሠራው ከነዋሪዎቹ ጋር ሲያድግ ነው።

የመጀመሪያው ስንቅ

ይህ ግንኙነት የሚጀምረው በልደት ሰሞን ነው። ሕፃኑ ከእናቱና ከአካባቢው የሚያገኛቸው ባክቴሪያዎች አንጀቱን ይወርሳሉ። በእናት ጡት ወተት ውስጥ ሕፃኑ ራሱ ሊፈጫቸው የማይችላቸው ከ100 በላይ ዓይነት የስኳር ሰንሰለቶች ይገኛሉ። በወተቱ ካሉት ጠጣር ንጥረ ነገሮች መካከል በብዛት ከላክቶስና ከስብ ቀጥሎ ሦስተኛውን ቦታ ይይዛሉ። ሕፃኑ የማይጠቀምበትን ነገር እናት ለምን ታመርታለች? ለሚለው ጥያቄ መልሱ ሰንሰለቶቹ የባክቴሪያዎቹ ቀለብ መሆናቸው ነው። በተለይ ቢፊዶባክቴሪየም የተባሉት ይህን ተመግበው አንጀቱን አሲዳማ በማድረግ በሽታ አምጪዎችን ይገፋሉ። ወተቱ ከዚህ በተጨማሪ የእናትየውን ኢሚዩኖግሎቡሊን ኤ ይዞ ስለሚመጣ የሕፃኑ ግድግዳ እስኪጠነክር ድረስ ይጠብቀዋል። ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የእናት ጡት ብቻ ይሰጥ የሚለው ምክር አንዱ መሠረት ይኸው ነው።

ስምምነቱ የሚፈርስባቸው መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ የአሰር እጦት ነው። የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት፣ የሰው አንጀት ባክቴሪያ የተሰጣቸውን አይጦች አሰር በሌለው ምግብ አቆይቷቸዋል። ባክቴሪያዎቹ የሚያብላሉት ሲያጡ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው ዝልግልጉን ፈሳሽ መብላት ጀመሩ። ፈሳሹ ሳሳ፤ አንጀት የሚያጠቃ ባክቴሪያ ሲሰጣቸውም አይጦቹ በጠና ታመሙ። ይህ የአይጥ ጥናት ቢሆንም በሰው ላይ የታየው ከዚሁ የሚስማማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ጥናት 20 አፍሪካ አሜሪካውያንና 20 የደቡብ አፍሪካ ገጠር ነዋሪዎች ለሁለት ሳምንት አመጋገባቸውን ተለዋወጡ። አሰር የበዛበትን የገጠሩን ምግብ የበሉት አሜሪካውያን የአንጀታቸው ቡቲሬት ጨመረ፤ የመቆጣት ምልክቱም ቀነሰ። የአሜሪካውያኑን ሥጋና ስብ የበዛበት ምግብ በበሉት ደቡብ አፍሪካውያን ላይ የታየው ተቃራኒው ነበር።

ሁለተኛው መንገድ ያለ በቂ ምክንያት የሚወሰድ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ነው። በከተሞቻችን ሆድ ቁርጠት ሲሰማ «አሜባ ይሆናል» ብሎ ያለ ምርመራ ከመድኃኒት ቤት ሜትሮኒዳዞል ገዝቶ መዋጥ የተለመደ ነው። ይህ መድኃኒት ለአሜባና ለጃርዲያ የሚያገለግል ቢሆንም፣ የሚገድለው ጥገኛ ተህዋስያንን ብቻ አይደለም። ኦክስጅን የማይወዱ ባክቴሪያዎችንም ያጠቃል። የትልቁ አንጀት ነዋሪዎች በአብዛኛው እነዚሁ መሆናቸውን ከላይ ተመልክተናል። በምርመራ የተረጋገጠ በሽታ ሲኖር መድኃኒቱ ግድ ነው። ሳይኖር ሲወሰድ ግን የሚጎዳው የራስ ሠራዊት ነው። አሞክሳሲሊንና ሲፕሮፍሎክሳሲንን በግምት መውሰድም ከዚህ የተለየ አይደለም።

የዚህ ጉዳት የከፋው መልክ ክሎስትሪዲዮይድስ ዲፊሲል የተባለው ባክቴሪያ የሚያመጣው ተቅማጥ ነው። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ነባሮቹን ነዋሪዎች ካጠፋ በኋላ ሲሆን ለሞትም ይዳርጋል። በኔዘርላንድስ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት፣ በሽታው ለተመላለሰባቸው 16 ሰዎች ከጤናማ ሰው ሰገራ የተዘጋጀ ፈሳሽ በቱቦ ወደ አንጀታቸው እንዲገባ አድርጓል። 13ቱ በመጀመሪያው ሙከራ ዳኑ። ቫንኮማይሲን የተባለውን መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት 13 ሰዎች የዳኑት ግን 4 ነበሩ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም ከሰገራ ተህዋስያን ለሚዘጋጁ ሁለት መድኃኒቶች እ.ኤ.አ. በ2022 እና በ2023 ፈቃድ ሰጥቷል። የጠፉትን ነዋሪዎች መመለስ ራሱን የቻለ ሕክምና መሆኑ በዚህ ተረጋግጧል።

ሦስተኛው መንገድ ግድግዳውን በቀጥታ የሚጎዱ ነገሮች ናቸው። እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ሲዘወተሩ የሚጎዱት ጨጓራን ብቻ ሳይሆን የትንሹን አንጀት ሽፋንም ነው። አዘውትሮ አልኮል መጠጣት የሴሎቹን መጋጠሚያ ያላላል፤ የባክቴሪያ መርዝም ወደ ጉበት በሚሄደው ደም ውስጥ ይገባል። ሺጌላን የመሳሰሉ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጡ ባክቴሪያዎች ደግሞ ሴሎቹን ራሳቸውን ሰብረው ይገባሉ።

ሳይታመሙ የሚቀነጭሩ ሕፃናት

ጉዳዩ ለአገራችን ከባድ ትርጉም የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት እንዳመለከተው ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆነ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት 37 በመቶ የሚሆኑት የቀነጨሩ ናቸው። የምግብ እጥረት ዋነኛ ምክንያት መሆኑ አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ ተጨማሪ ምግብ ተሰጥቷቸውም በሚገባ የማያድጉ ሕፃናት በብዙ አገሮች አሉ። ከምክንያቶቹ አንዱ የአንጀት ግድግዳ መሆኑን ባለሙያዎች ይናገራሉ።

በሰገራ በተበከለ አካባቢ የሚያድግ ሕፃን ተቅማጥ ባይዘውም እንኳ በየቀኑ ብዙ ጀርም ይውጣል። ግድግዳው ያለማቋረጥ ይቆጣል፤ ምግብ የሚመጡት ጣት መሰል እጥፋቶች ያጥራሉ፤ መጋጠሚያዎቹ ይላላሉ። የበላው ምግብ በሚገባ አይመጠጥም፤ ለዕድገት የሚውለው ኃይልም የመከላከያ ሥርዓቱን ለማንቀሳቀስ ይውላል። ቁጣው በማይታይ ሁኔታ ስለሚካሄድ ወላጅ የሚያየው ምልክት አይኖርም።

መፍትሔው እንደሚታሰበው ቀላል አልሆነም። በባንግላዴሽ፣ በኬንያና በዚምባብዌ የተደረጉና ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ውጤታቸው የወጣ ሦስት ትልልቅ ጥናቶች ቀላል መጸዳጃ ቤት፣ የእጅ መታጠቢያና የውሃ ማከሚያ ክሎሪን ለቤተሰቦች አቅርበው ነበር። የሕፃናቱ ቁመት ግን በዚህ ብቻ አልጨመረም። ብዙዎች ከዚህ የወሰዱት ትምህርት ንጽሕና አያስፈልግም የሚል አይደለም። የብክለቱ መጠን ከፍተኛ በመሆኑ እንዲህ ያለው መጠነኛ ማሻሻያ አይበቃውም የሚል ነው።

ተስፋ የሰጠው ሌላ አቅጣጫ ነዋሪዎቹን መመገብ ነው። በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲና የባንግላዴሽ ተመራማሪዎች ከሽምብራ፣ ከአኩሪ አተር፣ ከኦቾሎኒና ካልበሰለ ሙዝ ዱቄት የሕፃናትን አንጀት ባክቴሪያ ታሳቢ ያደረገ ምግብ አዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ጥናት ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 18 ወር የሆኑ 118 መካከለኛ የምግብ እጥረት ያለባቸው ሕፃናት ለሦስት ወር ተከታትለዋል። አዲሱ ምግብ ከተለመደው አልሚ ምግብ ያነሰ ካሎሪ ቢኖረውም፣ ሕፃናቱ የተሻለ ክብደት ጨምረውበታል። ሽምብራና ኦቾሎኒ በአገራችን ገበያ የማይጠፉ መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባል።

«የሚያፈስ አንጀት» እና ገበያው

ግድግዳው መላላቱ በርካታ በሽታዎች ላይ መታየቱ ሌላ ነገር ወልዷል። ከድካም እስከ ራስ ምታት ያለውን ችግር ሁሉ «አንጀትዎ ስለሚያፈስ ነው» የሚሉ የንግድ መልእክቶች በኢንተርኔት በዝተዋል። እውነቱ መካከል ላይ ነው። ሴሊያክና ክሮንስ በተባሉት በሽታዎች ግድግዳው መላላቱ የተረጋገጠ ነው። የክሮንስ ሕሙማን ጤነኛ ዘመዶችን በተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ የካናዳ ጥናት፣ ግድግዳቸው የላላ ሰዎች ከዓመታት በኋላ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። በሌሎች በርካታ ሕመሞች ግን መላላቱ መንስዔ ይሁን ውጤት አልተለየም።

መጋጠሚያውን ለማጥበቅ ታስቦ ለሴሊያክ ሕሙማን የተሞከረው ላራዞታይድ የተባለ መድኃኒት የመጨረሻ ደረጃ ሙከራው ውጤት ስላላሳየ እ.ኤ.አ. በ2022 ተቋርጧል። ዞኑሊን የተባለውን ፕሮቲን በመለካት «የአንጀት መፍሰስን» እናረጋግጣለን የሚሉ የንግድ መመርመሪያዎችም በትክክል የሚለኩት ያንኑ ፕሮቲን መሆኑ ጥያቄ ተነስቶበታል። በመሆኑም ለእንዲህ ያለው ምርመራና «ግድግዳ ጠጋኝ» ክኒን ገንዘብ ከማውጣት በፊት ሐኪም ማማከር ይበጃል።

እርጎ፣ እርሾና እንጀራ

ጠቃሚ ባክቴሪያን በአፍ መውሰድ አዲስ ሐሳብ አይደለም። የኖቤል ተሸላሚው ሩሲያዊ ኤሊ ሜችኒኮፍ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እርጎን ለረዥም ዕድሜ ይመክር ነበር። ዛሬ በክኒን መልክ የሚሸጡት ፕሮባዮቲኮች ግን ሁልጊዜ ይጠቅማሉ ማለት አይደለም። በእስራኤል የዋይዝማን ተቋም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው አነስተኛ ጥናት፣ ከፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በኋላ ፕሮባዮቲክ የወሰዱ ሰዎች ነባር ባክቴሪያዎቻቸው የተመለሱት ምንም ካልወሰዱት ዘግይተው ነው። በሌላ በኩል የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ጥናት፣ ለአሥር ሳምንት እርጎን የመሳሰሉ የተብላሉ ምግቦችን ያዘወተሩ ሰዎች የአንጀት ባክቴሪያቸው ዓይነት ሲበዛ የመቆጣት ምልክቶቻቸው ቀንሰዋል።

እንጀራም የተብላላ ነውና ፕሮባዮቲክ ነው የሚሉ አሉ። ይህ ትክክል አይደለም። የእርሾው ተህዋስያን ምጣድ ላይ ይሞታሉ። የእንጀራ ጥቅም በሌላ በኩል ነው። ጤፍ ከነገለፈቱ ስለሚፈጭ አሰሩ አብሮ ይቀራል፤ መብላላቱም ብረትን የመሳሰሉ ማዕድናት ይበልጥ እንዲመጠጡ ይረዳል። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ በሶና ቆሎ ሲታከሉበት በጾም ወቅት የሚዘወተረው ገበታ ለቡቲሬት አምራቾቹ የተመቸ ይሆናል። በከተማ ኑሮ ይህን በነጭ ዱቄት ዳቦ፣ በፓስታና በለስላሳ መጠጥ መተካት እየተለመደ መምጣቱ በዚህ ዓይን ሲታይ ያሳስባል። እርጎን በተመለከተ ካልፈላ ወተት የተዘጋጀ ከሆነ ብሩሴሎሲስንና የሳንባ ነቀርሳን ሊያስተላልፍ ስለሚችል በፈላ ወይም በፓስቸራይዝድ ወተት የተሠራውን መምረጥ ያስፈልጋል።

ምን ይደረግ?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር ከተፈጥሮ ምግብ እንዲያገኙ ይመክራል። ጥራጥሬና አትክልት ለማዘውተር ያሰቡ ሰዎች ቀስ በቀስ ቢጀምሩ የሆድ መነፋቱ ይቀንስላቸዋል። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በሐኪም ሲታዘዝ ብቻና በታዘዘው መጠን መውሰድ፣ የሕመም ማስታገሻን አለማዘውተር፣ አልኮልን መቀነስ፣ ለሕፃናት የእናት ጡት መስጠትና ሕፃኑ የሚድህበትን ቦታ ከእንስሳትና ከሰው ዓይነ ምድር መጠበቅ የዚህ ሁሉ ጥናት ተግባራዊ ትርጉም ናቸው።

ሰገራ ውስጥ ደም ከታየ፣ ተቅማጥ ከቆየ፣ ያለ ምክንያት ክብደት ከቀነሰ፣ የደም ማነስ ከተገኘ ወይም ሕመሙ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ ግን አመጋገብ ማስተካከል ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። በዚህ ጊዜ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። ከዚያ ውጪ ላለው ቀላል የሆድ ጣጣ፣ ወደ መድኃኒት ቤት ከመሮጥ በፊት ያለፈው ሳምንት ገበታችን ላይ ምን እንደነበረ መጠየቅ አይከፋም። የአንጀታችን ሽፋን በቀናት ውስጥ የሚታደስ በመሆኑ ለማስተካከል ጊዜው ሁልጊዜም አለ።